ከቆሻሻው ሥር ያለውን ውሃ ለምትጠብቂው

ልጄ፣ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ የውሃ ክትትል ሥራ መያዝሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሰጋሁም። ሲበላሽ ዳፋው ለማያውቁሽ ሰዎች የሚተርፍ ሥራ ነውና ጥቂት ልምከርሽ።

የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን ታውቂዋለሽ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት አገር አለቀሰ። ያ ክምር ግን ፍሳሹን የሚያግድ ንጣፍ ከሥሩ ሳይኖረው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቷል። ዝናቡ በቆሻሻው ውስጥ ሰርጎ፣ ጠቁሮና ሸትቶ ወደ ትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ሲወርድ ለቅሶ የወጣ የለም። ናዳውን ሁሉም አየው፤ ፍሳሹን የሚያሳየው ግን የመከታተያ ጉድጓድና በትክክል የተያዘ መዝገብ ነው።

ከሁሉ አስቀድመሽ የከርሰ ምድር ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ እወቂ። ቢያንስ አንዱ ጉድጓድ ፍሳሹ ሊደርስበት ከማይችል ከላይ በኩል ይሁን፤ ሌሎቹ ከታች፣ ውሃው በቆሻሻው ሥር አልፎ በሚወጣበት። ማስወገጃው አዲስ ከሆነ ቆሻሻ ሳይደፋበት ናሙና ውሰጂ፣ በክረምትም በበጋም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ውሃው በተፈጥሮው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ እንዲህ ያለውን ቀድመሽ ካልመዘገብሽ ኋላ ላይ የመሬቱን ከቆሻሻው መለየት ያቅትሻል።

ናሙና ስትቀጂ አትቸኩዪ። በመጀመሪያ የውሃውን ከፍታ ለኪ። በቱቦው ውስጥ ተኝቶ የቆየውን ውሃ አውጪና የፒኤችና የኮንዳክቲቪቲ ንባቡ ሲረጋ ቅጂ። እንደ ቪኒል ክሎራይድ ላሉ ተናኝ ኬሚካሎች የምትሆነውን ትንሽ ጠርሙስ፣ ውሃው አፏ ላይ እስኪያብጥ ድረስ ሙያት። ክደኚያት፣ ገልብጠሽም በጣትሽ መታ መታ አድርጊያት። አንዲት የአየር አረፋ ወደ ላይ ከወጣች ያን ትተሽ በሌላ ጠርሙስ እንደገና ቅጂ፤ የምትፈልጊው ኬሚካል ከውሃው ወጥቶ ወደ አረፋዋ ይሸሻልና።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ቁጥሩ ላይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የማስወገጃ ደንብ በመጀመሪያው የክትትል ደረጃ 62 ነገሮች፣ በመደበኛው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እንዲለኩና ውጤቱ በስታቲስቲክስ ዘዴ እንዲፈተሽ ያዛል። በዓይን ግምት ለምን እንደማይሆን በስሌት እዪው። 10 ጉድጓድ ቢኖርሽና በእያንዳንዱ 20 ነገር ብትለኪ በአንድ ዙር 200 ንጽጽር ታደርጊያለሽ። እያንዳንዱ ንጽጽር በሐሰት የመጮህ ዕድሉ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ አንዱም ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ ምንም ባልፈሰሰበት ቦታ ቢያንስ አንድ የሐሰት ማስጠንቀቂያ የማግኘት ዕድልሽ 87 በመቶ ገደማ ነው! ደጋግሞ በሐሰት የጮኸ ባለሙያ ደግሞ እውነቱ ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም። ስለዚህ የፍሳሽን መምጣት ቶሎ በሚናገሩት፣ እንደ ክሎራይድና አሞኒያ ባሉት ላይ አተኩሪ። ገደብ ያለፈ ቁጥር ሲገኝ ስንት ድጋሚ ናሙና እንደሚወሰድም ገና ከመነሻው በዕቅድሽ ጻፊ። ቀድሞ መጻፉ ነው ቁም ነገሩ። ውጤቱን ካዩ በኋላ «እስቲ ደግመን እንለካ» ማለት የሚፈልጉት ቁጥር እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

መሣሪያው ያላገኘውን ዜሮ ብለሽ አትጻፊ። መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው መጠን በታች መሆኑን፣ መጠኑንም ጨምረሽ ጻፊ። በዜሮ የተሞላ መዝገብ አማካዩንም ስርጭቱንም ያዛባል።

አለቃሽ «ይህቺን ቁጥር ተያት፣ ስህተት ናት» ሊልሽ ይችላል። ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ሁሉ ስህተት አይደለም። የጠርሙስ መለያ ተለዋውጦ፣ ላብራቶሪው ሚሊግራምን ከማይክሮግራም አምታቶ እንደሆነ መርምሪ። ምክንያት ካገኘሽ ምክንያቱን ጽፈሽ ለዪያት፤ ካላገኘሽ ከመዝገቡ አትውጣ።

ጭማሪው እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ የአሜሪካው ደንብ በ14 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲነገር፣ የሌላ ምንጭ ጥፋት መሆኑ ካልታየ በቀር በ90 ቀን ውስጥ ሰፋ ያለ ክትትል እንዲጀመር ይላል። አንቺም የራስሽን ቀን በዕቅድሽ አስገቢ። ከታች በኩል የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ቤተሰቦች ካሉ ደግሞ ጉድጓዳቸው የት እንደሆነና በማን በኩል እንደሚገኙ ከአሁኑ መዝግቢ፤ ያ ቀን ሲመጣ ቤት ለቤት ስትጠይቂ አትዋዪ።