አኩፋዳውን ማን ይሙላው?

ወገንን በነፃ ማገልገል ከበጎ ምግባራት ሁሉ ክርክር የማያስነሣው ይመስላል። ስጦታ ነውና ማን ይጠላዋል? ዳሩ ግን ሰጪው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ፣ ተቀባዩ የስደተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ በመካከላቸው የቆመው ደግሞ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ጊዜ ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይሆንም። ተማሪው የታዘዘለትን ሰዓት ካልሞላ አይመረቅም፤ ስለዚህ የሚሰጠውን ስጦታ ለማለት ያስቸግራል። ደመወዝ አይከፈለውም፤ ስለዚህም ሥራ ለማለት ያስቸግራል። በአሜሪካ «ኢንተርንሺፕ» የሚባለው ይህ ነገር ስጦታም ሥራም ካልሆነ ምንድን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

የምኖርባት ሜስኪት ከዳላስ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 150 ሺህ ያህል ሕዝብ የተመዘገበባት ከተማ ናት። በ1970 የተከፈተው ኢስትፊልድ ኮሌጅ የሚገኘው እዚሁ ሲሆን፣ ከ2020 ወዲህ የዳላስ ኮሌጅ አንድ ቅርንጫፍ ሆኗል። ክፍያው ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የቀለለ፣ ለቤትም የቀረበ በመሆኑ ከልጆቻችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን በእንዲህ ያለው ኮሌጅ ይጀምራሉ። ቀን ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ልጅ ማታ ነዳጅ ማደያ ወይም መጋዘን ይሠራል። በሌላ በኩል በየማኅበሩ ደጃፍ የሚጠባበቁ አረጋውያን አሉ፤ የሐኪም ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ የመድን ቅጽ የሚሞላላቸው፣ ከአከራይ ጋር የሚነጋገርላቸው ይሻሉ። ልጁ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። ሁለቱን ማገናኘት ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ያህል ትክክል መስሎ ይታያል።

እኔ አባል በሆንኩበት አነስተኛ መረዳጃ ማኅበር ይህ ጉዳይ ለውይይት በቀረበ ጊዜ ሁለት አሳብ ተነሣ። አንድ አዛውንት፣ «ደቦ የወጣ ገበሬ ደመወዝ ይጠይቃል እንዴ? ልጆቹ የሚያገለግሉት የገዛ እናቶቻቸውን ነው» አሉ። ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት እናት ግን፣ «አባባ፣ ልጄ ለማኅበሩ የምትሰጠው ሰዓት እኮ ከኔ ኪስ ነው የሚወጣው» ስትል መለሰች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለት እውነት ሲጋጭ ደግሞ ለማሰብ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

በመጀመሪያ የደቦውን ምሳሌ እንመርምር። ደቦ ነፃ ሥራ አይደለም። ደቦ የጠራ ባለ ማሳ አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛል፤ በተራውም የሌላውን ማሳ ለማረስ ይወጣል። ስለዚህ ደቦ የሚመለስ ብድር ነው። ተማሪው ግን ነገ የሚታረስለት ማሳ የለውም። ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ የቆሎ ተማሪው ነው። የቆሎ ተማሪ የኔታን ያገለግላል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ደመወዝ የለውም፤ የሚያገኘው ትምህርት ነው። ይሁንና በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ባለ ጊዜ አኩፋዳው ውስጥ ቁራሽ እንጀራ የሚጥልለት መንደር ነበረ። መንደሩ ከቅኔው ምሥጢር የሚቆርሰው ባይኖርም፣ የመማሪያውን ዋጋ ተካፍሎ ይከፍል ነበር። አባቶቻችን ያለ ደመወዝ መማርን ያውቁ ነበር፤ ያለ እንጀራ መማርን ግን አላወጁም።

የዘመናችን ተማሪ አኩፋዳ ምን ያህል እንደጎደለ በቁጥር መናገር ይቻላል። በአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርትን የሚያጸድቀው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። ይህ ልምምድ በአብዛኛው ያለ ክፍያ ሲሠራበት የኖረ ነው። ቴክሳስ የምትከተለው የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በዚያ እንኳ ብናሰላው 400 ሰዓት 2,900 ዶላር፣ 900 ሰዓት ደግሞ 6,525 ዶላር ይሆናል። አባቱ ሐኪም ለሆነ ልጅ ይህ ገንዘብ ምንም አይደለም፤ እናቱ ሌሊት ለምትሠራ ግን የብዙ ወር የቤት ኪራይ ነው። እንግዲህ ድሃን ለማገልገል የሚያበቃው ትምህርት የድሃ ልጅ የማይዘልቀው ሆነ ማለት ነው። ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም። የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በ2018 ያወጣው መመዘኛ ተለማማጁና አሠሪው ከሚያገኙት ጥቅም የማን ያመዝናል ብሎ የሚጠይቀው ለትርፍ የቆሙትን ድርጅቶች ነው፤ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ያለ ክፍያ ማገልገል በአጠቃላይ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን የተፈቀደ ሁሉ የተገባ አይደለም።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. (1964 እ.ኤ.አ.) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ የሚበዙትም አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። ግዴታ መሆኑ ያስቆጣቸው ነበሩ። ሆኖም ከአዲስ አበባ ሌላ የማያውቀው ወጣት የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ፤ ያየውንም ይዞ ተመለሰ። ደንቡ ሁለት ነገር አልዘነጋም ነበር፤ ለተማሪው የመኖሪያ አበል ይሰጠው ነበር፤ አገልግሎቱም መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ሲጀምር 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ያልዘመተ ትምህርትም ሥራም እንደማያገኝ ተነገረው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው የጮኹ ስለነበሩ፣ የካቲት 25 ቀን የወጣውን የመሬት አዋጅ በደስታ ተቀብለው ለገበሬው አስረድተዋል። ይሁንና በጎነቱን ያዘዘው መንግሥት የበጎነቱን ልክ ራሱ መወሰን ስለ ፈለገ፣ ከዘማቾቹ ጋር ተጋጨ፤ ብዙዎች ጥለው ሄዱ፣ የሞቱም አሉ። ከሁለቱ ታሪኮች የምረዳው ይህን ነው፤ በጎነትን የሚያበላሸው ግዴታ መሆኑ ብቻ አይደለም። የሚያበላሸው አስገዳጁ በምላሹ ምንም ግዴታ ሳይኖርበት ሲቀር ነው።

እስካሁን የተናገርነው ለተማሪው ስለሚገባው ነው። ሦስተኛ ወገን ግን ተረስቷል፤ እርሱም ደብዳቤውን ይዞ የተቀመጠው አረጋዊ ነው። በሚያዝያ 1968 እ.ኤ.አ. ኢቫን ኢሊች ለተሰበሰቡ የአሜሪካ ተማሪዎች ባደረገው ንግግር፣ ቋንቋውን ሳያውቁ ድሃን ሊረዱ መምጣታቸውን ክፉኛ ነቅፏል። የእኛ ልጆች ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ኢሊች የጠየቀው ጥያቄ ግን ለእነርሱም ይቀራል። የምንማረው በማን ላይ ነው? ሕዝባችን «የተማረ ይግደለኝ» የሚል አደገኛ እምነት አለው። እንግሊዝኛ የምትናገር ልጅ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ እማማ የምታነብላቸውን ሁሉ አምነው ይፈርማሉ። አንድ ቀን ያለፈበት ቅጽ የጤና መድን ሊያሳጣ ይችላል። ስሕተቱን ልጅቷ ሳታውቀው ሴሚስተሩ ያልቃል፤ እማማ ግን ከስሕተቱ ጋር ይቀራሉ። ነፃ ስለሆነ ማንም አይጠየቅበትም። ክፍያ የሌለው ሥራ ብዙ ጊዜ ተጠያቂነትም የሌለው የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ምንም ያልከፈልነውን ሰው ለመገሠጽ እናፍራለን፣ እርሱም ለመገሠጽ የቆመ አይመስለውም።

ስለዚህ የጠፋው አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነው፤ የተማሪው እንጀራና የአረጋዊው ዋስትና። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። በበኩሌ በማኅበራችን የሰጠሁት ድምፅ ይህ ነበር፤ ጥቂት ተማሪ እንቀበል፣ ለሚመጡት ግን ቢያንስ የነዳጅና የምሳ ወጪ ከመዋጮአችን እንቻል፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጦ እያንዳንዱን ቅጽ ከመላኩ በፊት ይመልከት። አሜሪካም ለዚህ የምታግዝበት መንገድ አላት። የእኛ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱን በጀመረበት በዚያው በ1964፣ ራሱ እየሠራ የተማረው የቴክሳሱ ሊንደን ጆንሰን በፈረመው ሕግ «ዎርክ ስተዲ» ተቋቋመ። ኮሌጆች ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ 7 ከመቶውን ለኅብረተሰብ አገልግሎት ሥራ እንዲያውሉ ይጠበቅባቸዋል፤ ተማሪውም ለትርፍ ባልቆመ ማኅበር ሠርቶ ሊከፈለው ይችላል። ለሁሉም አይደርስም፤ የጠየቀ ማኅበር ግን ካልጠየቀው የተሻለ ዕድል አለው።

ገንዘብ ሲገባ ፍቅር ይወጣል የሚሉኝ ይኖራሉ። ለመልሱ የኔታን እጠራለሁ። መንደሩ አኩፋዳውን ሲሞላ ተማሪውን ቅጥረኛ አላደረገውም፤ የመንደሩ ልጅ አደረገው። የበላበትን ደጃፍ የማይረሳ ካህንና መሪጌታ የወጣው ከዚያ ነው። ልጆቻችን ነገ ተመርቀው ከሜስኪት ሲርቁ፣ ማኅበሩን የሚያስታውሱት ሰዓት የሞሉበት ቦታ አድርገው ነው ወይስ ያበላቸው ደጃፍ አድርገው? ይህን የምንወስነው እነርሱ ሳይሆኑ እኛ ነን።