ሁለቱ ቅንፎች

ላስታ ውስጥ፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ከአንድ ወጥ አለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ስም በምትጠራው ገነተ ማርያም፣ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። በየዓመቱ ተቀናጅተው ያርሳሉ። አንድ ዓመት ግን የገብስ መዝሪያ ደርሶ መሬታቸው ጦም አደረ።

ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። አንደኛው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ሁለተኛው «ከእኔ የጎደለ የለም!» እያለ የድንበሩን፣ የአምናውን ጭድ፣ የአያቶቻቸውን ቂም ቀላቀለው። እስኪመሽ ተሟገቱ፤ የጥፋቱ ምንጭ ግን አልተገኘም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደክሟቸው ቤት ሲገቡ የልጅ ልጃቸው ደብተሯን ዘርግታለች።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?»

«አባባ፣ ይህ ግራፍ አግድሙን የኤክስ መስመር የት የት እንደሚቆርጥ እየፈለግሁ ነው። እዚያ ላይ ዋይ ዜሮ ነው።»

ደብተሩ «ዋይ = (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 5)» ይላል።

«ቅንፎቹን ባባዛቸው ኤክስ² + 3ኤክስ − 10 ይሆናል፤ መልሱ ይደበቃል። የሁለት ቁጥር ብዜት ዜሮ የሚሆነው ግን ቢያንስ አንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ‹መቼ ባዶ ትሆናለህ?› ብዬ እጠይቀዋለሁ። የመጀመሪያው በ2፣ ሁለተኛው በ−5 ባዶ ይሆናል።»

«ሁለተኛው መደመር ይዞ?»

«አዎ አባባ። 5 ቢሰጡት 10 ይሆናል እንጂ ባዶ አይሆንም። በውጪ በሚያሳየው ምልክት አይፈረድም።»

በማግስቱ ሽማግሌው ጎረቤታሞቹን ለየብቻ ጠሩ። አንደኛው «የበሬዬ ጫንቃ ቆስሏል፤ አፍሬ ደበቅሁ» አለ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ተገኘ! ይካስ!» ሲሉ፣ እሳቸው «አንድ ቅንፍ ገና አልተጠየቀም» ብለው ሁለተኛውን አስገቡ። ብዙ የፎከረው ሰው ብቻውን ሲሆን ድምፁ ወረደ፤ «ዘሩን ሸጬዋለሁ» አለ።

በሬው ታከመ፤ ዘሩ ከጎረቤት ተበደረ፤ መሬቱም ታረሰ።

ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦ «አብሮ መሥራት ድምር ቢሆን የአንዱ ብርታት የሌላውን ጉድለት በሸፈነ ነበር። ነገር ግን ብዜት ነው፤ የአንዱ ባዶነት ሁሉን ባዶ ያደርጋል። ሥራችሁ ፍሬ ሲያጣ ነገር አትቀላቅሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቅ። አንዱን ጥፋት ስታገኙም ሁለተኛውን ሳትጠይቁ አትፍረዱ።»