ደመወዝተኛው ናታን

ጥያቄ ቁጥር 12 ላይ ስንደርስ እማዬ ምስር መልቀሟን አቁማ ቀና አለች። «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» ይላል ጥያቄው። መልሱን ከሥሩ በእርሳስ ጽፌላታለሁ፤ ማንም ሰው ከሕግ በላይ አይደለም።

«እሱ የእነሱ ነው» አለችኝ። «እኛ የምናውቀው ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ነው።» ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ጊዜው ሰኔ 2016 ዓ.ም.፣ ቦታው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማችን ነው። ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ፤ ቀን ቀን እማዬን ለሲቲዝንሺፕ ፈተና አስጠናለሁ። ዕድሜዋ 70 ነው። ከ55 ዓመት በላይ ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው በእንግሊዝኛ እንዲፈተን አይገደድም፤ በአስተርጓሚ በአማርኛ መመለስ ይችላል። የሚጠናው ግን ያው ነበር፤ ያን ጊዜ 100 ጥያቄ። ኦፊሰሩ ከመካከላቸው እስከ 10 ይጠይቅ ነበር፤ ስድስት የመለሰ ያልፍ ነበር። ሁሉንም ወደ አማርኛ መልሼ ደብተር ላይ ጻፍኩላት። ሥራው ሽምደዳ ብቻ መስሎኝ ነበር። እማዬ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ዳዊት ስትደግም የኖረች ሴት ናት፤ ለእሷ ከአፍ የወጣ ቃል ምስክርነት ነው። ያላመነችበትን አትሸመድድም።

«ታዲያ ንጉሥ ቢበድል ማን ይጠይቀዋል?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ነዋ። ናታንን ይልክበታል።»

ታሪኩን በልጅነቴም ነግራኛለች። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ጦር ሜዳ ሲያስገድል የሚከሰው አልነበረም። ነቢዩ ናታን መጣና ብዙ በጎች ያሉት ባለጸጋ የአንዱን ድኻ ብቸኛ በግ ነጥቆ ለእንግዳው እንዳረደ ነገረው። ንጉሡ በቁጣ ፈረደ። ናታንም ያ ባለጸጋ ራሱ ንጉሡ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው።

«ናታን ሳይመጣ ቢቀርስ?»

«ይመጣል። ይዘገያል እንጂ ይመጣል።»

ያን ሌሊት ከኤርፖርቱ ሰው ጭኜ ወደ ዋሽንግተን ስነዳ የጀፈርሰን መታሰቢያ ከወንዙ ማዶ በመብራት ተንቆጥቁጦ ታየኝ። የአሜሪካ መሥራቾች ያደረጉት ነገር በእማዬ ቋንቋ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ናታን እስኪላክ አልጠበቁም፤ ደመወዝ ቆርጠው ቀጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1776 በነጻነት መግለጫቸው በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ከደረደሯቸው ክሶች አንዱ ዳኞችን በሹመታቸውም በደመወዛቸውም የፈቃዱ ጥገኛ አደረጋቸው የሚል ነበር። ስለዚህ በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥት ሲጽፉ፣ የፌዴራል ዳኛ መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ ከወንበሩ እንደማይነሣ፣ በሥራ ላይ ሳለም ደመወዙ እንደማይቀነስ ደነገጉ። ጄምስ ማዲሰን ሰው መልአክ አለመሆኑን የመንግሥት ሁሉ መነሻ አድርጎ ይጽፋል። የሹም ጉጉት በሌላ ሹም ጉጉት ይታገድ፣ ባይ ነው። የውድቀተ አዳምን ትምህርት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በማግስቱ ይህን ስነግራት እማዬ ሳቀችና ወዲያው ኮስተር አለች። «ይኼ ተቀጣሪው ናታን ማንን ይፈራል?»

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ያ ሕገ መንግሥት ከቀኑ አጻጻፍ በቀር የጌታን ስም አያነሣም። ለመንግሥት ሹመት የሃይማኖት ፈተና እንዳይኖር ይከለክላል። መሐላ የሚከብደው በመሐላ ፈንታ ቃሉን ብቻ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የጥንቱ ናታን ንጉሥ ፊት የቆመው ላኪውን ፈርቶ ነው። ላኪ የሌለው ናታን ምን ያቆመዋል?

ዝም ማለቱም አልቀረም። ጀፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን ሲጽፍ፣ ፊላደልፊያ ላይ ያገለግለው የነበረው ሮበርት ሄሚንግስ የሚባል የ14 ዓመት ባሪያው ነበር። በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ በሩን የከፈተው ነጭ ለሆኑ ነጻ ሰዎች ብቻ ነው። በ1857 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ደመወዝተኛው ናታን የድኻውን በግ ለባለጸጋው አጸደቀለት።

«ታዲያ እኔ ምን አግብቶኝ ነው የምምልላቸው?» አለች።

ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ እዚያው ምድር ላይ የተወለደ ሁሉ ዜጋ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ መታረሙን፣ በ1870 ደግሞ በሩ ለአፍሪካ ተወላጆች መከፈቱን ነገርኳት። ቀጥዬም፣ በእኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ በአያቷ ቤት የምትኖር፣ የአባቷን ስም ማንም ጠርቶላት የማያውቅ አንዲት ሴት እንደነበረች ነገረችኝ። የሰሎሞን ዘር በነገሠበት አገርም ናታን ዘግይቶ ነበር።

ወደ ጥያቄ 12 የመለሰን 1974 ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 24 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ኒክሰን የደበቃቸውን የድምፅ ቅጂዎች እንዲያስረክብ 8 ለ 0 አዘዘ። ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው ራሱ ኒክሰን ነው። አስረከበ፤ ነሐሴ 9 ሥልጣኑን ለቀቀ። መስከረም 8 ተተኪው ፎርድ ምሕረት ስላደረገለት ፍርድ ቤት ሳይቆም ቀረ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967፣ ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ በቮልስዋገን ወሰዳቸው። እማዬ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ካዛንቺስ። ሰው «ሌባ!» ሲል እሷም አብራ ብላለች፤ ይህን እስከዚያ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ሹማምንት፣ ያለ ችሎት ተረሸኑ። ንጉሡም በዓመቱ መጨረሻ ሞቱ፤ አጥንታቸው በኋላ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተገኘ። ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፉት በ1993 ዓ.ም. ነው።

«አየሽ እማዬ፣ ንጉሥ አይከሰስ የተባለው እውነት ሆነ» አልኳት። «ሳይከሰሱ ሞቱ።»

ብዙ አሰበች። «ቢከሰሱ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምስክር ይቆምላቸው ነበር። ይኼ ሐሰት ነው፣ ይኼ እውነት ነው ይባል ነበር። እኔም ምን ብዬ እንደጮህኩ አውቅ ነበር።»

ከዚያ አባቷ የሚሉትን ተረት አመጣች፤ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች። «የሕግ የበላይነት ማለት ይኼ ከሆነ አውቀዋለሁ።»

እኔ ሕግን ንጉሥ የሚታሰርበት ገመድ አድርጌ ነበር የማስተምራት፤ እሷ ግን ሌላውን ጫፍ ያዘች። የማይከሰስ ሰው ነጻ ነህ ሊባልም አይችልም። ከችሎት በላይ የተቀመጠ፣ ቀን ሲጎድልበት የሚሸሸግበት ችሎት የለውም።

ሰኔ 24 ቀን ሬዲዮ ከፍቼ ስነዳ አዲስ ፍርድ ሰማሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3፣ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው በዋና ዋና የሥልጣን ተግባራቱ በወንጀል አይከሰስም፣ በሌሎቹ የሥራ ድርጊቶቹም ቢያንስ ከለላ እንዳለው ይገመታል አለ። ስድስቱ ክስ የሚፈራ ፕሬዚዳንት ደፍሮ መሥራት አይችልም ይላሉ፤ ሦስቱ ይህ ሰውየውን ንጉሥ ያደርገዋል ብለው ተቃወሙ። ቤት ገብቼ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች።

«ታዲያ ቁጥር 12ን ሊሰርዙት ነው?»

«አልሰረዙትም።»

«እንግዲያው እነሱም ገና እያጠኑት ነው» አለችና ደብተሩን ወደኔ ገፋችው። «ቀጥል።»

ኢንተርቪዋ ኅዳር ላይ ነበር። አስተርጓሚ ሆኖ የገባው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፤ እኔ ውጭ ጠበቅሁ። እየሳቁ ወጡ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት በሙሉ መልሳለች፤ ስድስተኛው ቁጥር 12 ነበር፤ እሷም ስለ በቅሎዋና ስለ ጭብጦዋ መልሳለች።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን እያሰረች ወደ ልጁ ዞረች። «የበቅሎዋን ነገር በደንብ አስረዳኸው?»

«አይ እማማ» አለ ልጁ አፍሮ። «ማንም ከሕግ በላይ አይደለም አለች ብዬ ነው ያሳጠርኩት።»

«እና ምኑን ነው ልክ ነሽ ያለኝ?» አለች እማዬ። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም።