አጋዥም መስካሪም

ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ቡሬን ሳይነካ አያልፍም። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚህ መስመር ቡና የጫኑ ሲራራዎች ወደ ባሮ ወንዝ ይወርዱ፣ ጨውና አቡጀዲ የጫኑት ደግሞ ሽቅብ ይወጡ ነበር። ዛሬ በየመስከረሙ በዚያው መንገድ ከሚመጣው ሰው መካከል አዲስ የተመደበ መምህር አይጠፋም። ዲግሪውን በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ፍራሹን ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስጭኖ ይመጣል። በዲግሪው ላይ መምህር ተብሏል። ገና ስልሳ ልጆች ፊት አልቆመም።

ቀሪውን ሥራ ለሌላ መምህር የሚተወው የትምህርት ሚኒስቴር የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ነው። ጀማሪው ሁለት ዓመት በሙያ ትውውቅ ያሳልፋል፤ መምህራኑ እንደሚሉት «ሜንተር» ይመደብለታል። ሜንተሩ ባለሥልጣን አይደለም፤ ከጎኑ ባለው ክፍል ያው ጠመኔ ይዞ የሚያስተምር ባልደረባ ነው። የኋላ ዴስክ ላይ ቁጭ ብሎ ክፍለ ጊዜውን ይከታተላል። ከደወል በኋላ ቡና ላይ፣ «ጥያቄ ስትጠይቅ ዓይንህ ከፊት ረድፍ አይነሳም» ይለዋል። ጀማሪው ዕቅዱን፣ የምልከታ ቅጹን፣ የተማሪ ሥራውን ወደ ማህደረ ተግባሩ (ፖርትፎሊዮው) ያስገባል። በመጨረሻም ያው ሜንተር ስለ ጀማሪው ብቃት ይጠየቃል፤ ይፈርማልም።

ክርክሩ ያለው እዚህ ፊርማ ላይ ነው። አንድን ሰው እጁን ይዞ ያሻገረ ሰው፣ «አዎ፣ ብቻውን መሻገር ይችላል» ብሎ ሊመሰክር ይችላል?

ነገሩን ከፍልስፍና መጽሐፍ በፊት የትንሽ ከተማ ኑሮ ይፈትነዋል። ቡሬን በመሰለ ከተማ ሜንተሩና ጀማሪው አንድ መምህራን ክፍል ይጋራሉ፣ ምናልባትም አንድ ዕቁብ ይጥላሉ፤ ለቅሶ ቤትም አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። በምልከታ ቅጹ ላይ «ብቃቱ ዝቅተኛ ነው» ብሎ መጻፍ ለጎረቤት ፊት መንሳት ነው። ይሉኝታ እዚህ ላይ እንደ ድክመት ብቻ መታየት የለበትም። ጀማሪው ሲታመም ገንፎ የሚያስልክለት፣ ደመወዝ ሲዘገይ የሚያበድረውም ያው ይሉኝታ ነው። ችግሩ ይህ በጎ ነገር ቅጹ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ሰው «በጣም ጥሩ» ማድረጉ ነው። ሁሉም በጣም ጥሩ ከሆነ ደግሞ ቅጹ ለማንም ምንም አልነገረም።

ታዲያ መፍትሔው ምስክሩን ማራቅ ነው? የመምህራን የሙያ ፈቃድ አሰጣጥ ሲዘረጋ የተመረጠው ይህ ነበር። ከጠቅላላ ውጤቱ 80 በመቶው ለጽሑፍ ፈተና፣ 20 በመቶው ለማህደረ ተግባር ተሰጠ። ሥርዓቱ ማንን እንደሚያምን ቁጥሩ ይናገራል። ፈተናውን የሚያርመው ሰው ተፈታኙን አያውቀውም፤ ዕቁብም አይጋሩም። የሩቅ ሰው ግን የማያውቀው ሌላም ብዙ ነገር አለ። ቡሬ ያለችበት ኢሉባቦር የቡና አገር ነው። ከጥቅምት አንስቶ ለቀማው ሲደርስ ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፤ የኅዳር የስም መጥሪያ በቀሪ ምልክት ይሞላል። ጎበዝ መምህር ይህን አውቆ ከባዱን ምዕራፍ ቀድሞ ያስተምራል፤ ከለቀማ ሲመለሱም ያመለጣቸውን የሚደርሱበት መንገድ ያበጃል። ይህን ብልሃት የትኛው ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ይለካዋል? ወይም የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ በእንግሊዝኛ እየተሰጠ፣ መምህሩ የልጆቹ ፊት መጨለሙን አይቶ ወደ አፋን ኦሮሞ ዞር ሲል፣ ቅጽ ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ «የማስተማሪያ ቋንቋውን አልጠበቀም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከኋላ ዴስክ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠው ሜንተር ግን የጨለመው ፊት ሲበራም አይቷል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ነገር እንዲህ ነው ብሎ ማወቅና ነገሩን መሥራት ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ተከራክሯል። ስለ አሳታፊ ዘዴ አሥር ነጥብ በወረቀት መዘርዘር የሚችል ሰው ክፍሉን አስተኝቶ ሊወጣ ይችላል። ፈተናው የመጀመሪያውን ዕውቀት ጥሩ አድርጎ ይለካል። ሁለተኛውን ለማየት መቅረብ የግድ ነው፤ የቀረበ ደግሞ ይወዳል፣ ያዝናል፣ ይራራል።

አጣብቂኙ ግን ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው መምህሩ ስላመሰገኑት ብቻ የድጓ መምህር አይባልም። ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ከሆነም ዙር አባ። ስለዚህ ያስተማረውና የሚመሰክረው ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሌላው ወገን ነው፤ የምስክሩ መምህር አንድ ቀን ፈትነው አያሰናብቱም። የመጣው ሰው ከጉባኤው ተቀምጦ ዜማውን እንደገና ይወጣል፣ ይታረማል፣ ከሌሎች ጋር ይውላል። በባዕድነት የጀመሩት መምህር ሲመሰክሩ ባዕድ አይደሉም፤ ጎረቤቱም አልሆኑም። ርቀቱን ያጠበበው አብሮ የዋሉበት ጊዜ ነው።

በእስልምና ትምህርት ያለው ኢጃዛ ሌላ መንገድ ይዟል። ፈቃዱን የሚሰጡት ያስተማሩት ሸኽ ራሳቸው ናቸው። ያገዘውና የመሰከረው አንድ ሰው ነው ማለት ነው፤ ሆኖም ሸኹ ስማቸውን ከራሳቸው መምህር፣ ከመምህራቸው መምህር ጋር በተያያዘ ሰንሰለት ላይ ያኖራሉ። ላልበቃ ሰው የሰጡት ፈቃድ ሰንሰለቱን ስለሚያበላሽ፣ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከተማሪው ይልቅ ወደ ቀደሙት መምህራን ይዞራል። የትምህርት ቤቱ ቅጽ የጎደለው ይህ ይመስላል። ፊርማ አለው፤ ነገ ጀማሪው ሲወድቅ ፈራሚውን የሚጠይቀው ግን የለም።

ለእነዚህ የቆዩ መንገዶች የሚቀርበው ዘመናዊ ሥርዓት የመምህራን አሠልጣኞች የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በመምህራን ትምህርት ተቋማት ተጀምሮ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው ተስፋፋ። በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው፣ የማስተርስ ዲግሪ ቢኖረውም፣ እንደገና ተማሪ ይሆናል። የሚመራው ከእሱ ቀደም ብሎ ፕሮግራሙን የጨረሰ ባልደረባው ነው። አንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ እየተገናኙ ስለ ራስ ሥራ ማሰላሰልን፣ ንቁ ትምህርትን፣ ምዘናን፣ ተግባራዊ ምርምርን ይነጋገራሉ፤ እጩው ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ክፍል ይመለከታል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አፈጻጸሙን በተመለከተ በየግቢው የሚሰማ ማጉረምረም አለ፤ ለደረጃ ዕድገት የሚያስፈልግ ወረቀት ሲሆን ነፍሱ ይወጣል፣ ፎልደር መሙላት ይሆናል ይላሉ። ማጉረምረሙ ከእውነት የራቀ አይመስልም። ይሁን እንጂ ፎልደሩን የሚሞሉት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ማየቱን ከፕሮግራሙ በፊት ማን ያደርገው ነበር?

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የሙያዊ የማስተማር ደረጃዎች ብሔራዊ ቦርድ ማገዝንና መመስከርን ለሁለት ከፍሏቸዋል። ለከፍተኛው የምስክር ወረቀት የሚያመለክት መምህር የማስተማሩን ቪዲዮና የተማሪዎቹን ሥራ ከጽሑፍ ማብራሪያ ጋር ያስገባል። የሚያርሙት ሌሎች መምህራን ናቸው፤ አያውቁትም። የሚያግዘው ባልደረባ ደግሞ ይጠይቃል እንጂ አይጽፍለትም። «ይህን ልጅ ለምን ከዚህ ቡድን አደረግኸው?» ሊለው ይችላል፤ ምላሹን ማቃናት ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ይህ መስመር ቀጭን ነው። ፕላቶን «ሜኖን» በተሰኘው ድርሰቱ ውስጥ ሶቅራጥስ አንድ አገልጋይ ልጅን እየጠየቀ ብቻ የጂኦሜትሪ መፍትሔ ላይ ሲያደርሰው ያሳያል። ከዚያ ወዲህ አንባቢ የማይተወው ጥርጣሬ አለ፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን አልያዘም ነበር? የቡሬው ሜንተርም «የኅዳሩን ዕቅድ ከጥቅምቱ ጋር አስተያይተኸዋል?» ሲል ግማሹን መልስ ሰጥቷል። ይህ ማጭበርበር ከሆነ ማስተማር ሁሉ ማጭበርበር ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሜንተሩ በሌለበት ቀን ነው። ጀማሪው በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄውን ለራሱ ካነሳ ሐሳቡ የእሱ ሆኗል። ካላነሳ ማህደሩ ውስጥ ያለው የሰው ሐሳብ ነው። እንግዲያው የማህደሩ ጥራት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ማህደሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም አይመለከትም።

ከዚህ ተነስቶ አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። ሜንተሩ ያግዝ፤ ስለ ውጤት አይፈርም። ምስክሩ ከሌላ የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማዕከል ወይም ከመቱ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይምጣ፤ የሚመጣውም በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ለአንድ ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ጊዜ ከቡና ለቀማው በፊት፣ አንድ ጊዜ በለቀማው መሀል፣ አንድ ጊዜ ከዚያ በኋላ ይሁን። መቃወሚያው ከወዲሁ ይታወቃል። ትራንስፖርትና አበል ያስወጣል፤ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጀት ደግሞ ከደመወዝ ብዙም አይተርፍም። ከመቱ የሚመጣውም ሰው ቡሬ ዘመድ አያጣም። ይህ ሁለተኛው መቃወሚያ ያን ያህል አያስፈራም፤ ከዘመድ ጋር መገናኘት በዓመት ጥቂት ቀን ነው፣ የመምህራን ክፍል መጋራት ግን በየቀኑ። የመጀመሪያው ይከብዳል። ለቀማው መሀል የሚደረገው ጉብኝት ለአበሉ ሲባል ከተሰረዘ፣ የሚቀሩት ሁለቱ ጉብኝቶች ክፍሉ ሞልቶ የሚውልባቸው ቀኖች ብቻ ይሆናሉ።