ስለ ሕፃናት የእጅ ሥራ፤ የተሠራው ነገር የማን ነው?

በአንደኛ ክፍል ለሚማሩ ሕፃናት ባለቀለም ወረቀት፥ መቀስና ሙጫ ይታደላቸውና «ዛሬ ወፍ ትሠራላችሁ» ይባላሉ። አስተማሪቱ የወፉን አካል አስቀድማ በልክ ቈርጣ አዘጋጅታለች፤ ክንፉ የሚለጠፍበትንም ስፍራ በእርሳስ አመልክታለች። የአንዱ ሕፃን ክንፍ ወደ እግሩ ወርዶ ቢለጠፍ ነቅላ በቦታው ትመልስለታለች። በሰዓቱ ፍጻሜ ሠላሳ ወፎች በግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ በእያንዳንዱም ሥር የአንድ ልጅ ስም ይጻፋል። ወላጆች መጥተው ያያሉ፤ ደስም ይላቸዋል። ዳሩ ግን ሠላሳው ወፍ መልኩ አንድ ነው፤ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው። እንግዲህ ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም በወፉ ሥር የተጻፈው ስም እውነት ነውን? የሚል ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ወረቀት ነው፥ ነገ ይቀደዳል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሕፃን ከተነገረው ይልቅ በተደረገለት ይማራል። ሌላ ሰው ባቀናለት ሥራ በሰው ፊት ሲመሰገን ሁለት ነገር ይማራል፤ አንደኛው የገዛ እጁ ሥራ ለመታየት የማይበቃ መሆኑን፥ ሁለተኛው በሌላ ሰው ድካም መመስገን የተፈቀደ መሆኑን ነው። የመጀመሪያው ድፍረቱን ይሰብራል፤ ሁለተኛው ሕሊናውን ያደነዝዛል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ የሥዕል ጥያቄ ብቻ አይደለም፥ የምግባርም ጥያቄ ነው።

የሕፃናትን እጅ በትምህርት ካከበሩት ሰዎች አንዱ ፍሪድሪክ ፍሮብል የተባለው ጀርመናዊ ነው። እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1782 ዓ.ም. ተወለደ። በ1837 ዓ.ም. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለታናናሽ ልጆች ማስተማሪያ አቆመ፤ በ1840 ዓ.ም. ደግሞ ትርጓሜው «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» የሚሆን ስም አወጣለት። ለሕፃናቱ የክር ኳሶችንና ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን እንጨቶች ሰጣቸው፤ ወረቀት ማጠፍን፥ መስፋትን፥ ጭቃ ማድቦልቦልን አስለመዳቸው፤ የሕፃን ልቡና በእጁ በኩል ይነቃል ብሎ ያምን ነበርና። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ዓ.ም. እነዚህን ማስተማሪያዎች ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1860 ዓ.ም. ጸና። ፍሮብል ግን በ1852 ዓ.ም. ስለ ሞተ ክልከላው ሲነሣ አላየም። ከእርሱም በኋላ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ሕፃናቱን በረድፍ አስቀምጠው በአንድ ትእዛዝ አንድ ዓይነት ነገር እንዲያጥፉ ያደርጓቸው ጀመር። ወረቀቱና እንጨቱ በእጃቸው ቀረ፥ የመምህራቸው አሳብ ግን አመለጣቸው።

በቪየና ከተማ ደግሞ ፍራንትስ ቺጼክ የሚባል ሰዓሊ በ1897 ዓ.ም. ለሕፃናት የሥዕል ክፍል ከፈተ። ልጆቹ ከልባቸው የሚወጣውን እንዲሥሉ ፈቀደላቸው፤ ሥራቸውም በ1920ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ ታይቶ ብዙ ሰው አደነቀው። አንዳንድ ተመልካቾች ግን የልጆቹ ሥዕሎች እርስ በርሳቸው እጅግ መመሳሰላቸውን አይተው፥ በነጻነት ስም የመምህሩ ምርጫ አለበት ሲሉ ነቀፉ። ከዚህም የሚታወቀው፥ «ነጻ ናችሁ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። መምህር ሳይናገር በፊቱ ፈገግታ ብቻ የሕፃንን እጅ ሊመራ ይችላል።

አስተማሪ የሕፃኑን ሥራ ለማቅናት የሚቸኵለው፥ የሕፃን ሥዕል የዐዋቂ ሥዕል ሊሆን ፈልጎ ያልተሳካለት ስለሚመስለው ነው። ይህ ግን ስሕተት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሰው ሲሥል አንድ ክብ ያደርግና ከክቡ ሁለት እግር ያወርዳል፤ ሆድ የለውም፥ አንገትም የለውም። ይህን የሚያደርገው እናቱ ሆድ እንዳላት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ፊቷ የሚያያት፥ እግሯ ወደ እርሱ የሚመጣ ስለ ሆነ እነዚህን አስቀደመ እንጂ። ከብት የሚጠብቅ ልጅም ከጭቃ በሬ ሲሠራ ቀንዱንና ሻኛውን ያጎላል፤ በዓይኑ የገነነው እርሱ ነውና። ዐዋቂ የሚሥለው ያየውን ነው፤ ሕፃን ግን የሚያውቀውንና የሚወደውን ይሥላል። ሻኛውን በልክ አሳንሶ የሚያስተካክልለት ሰው የበሬውን መልክ አቀናለት፥ የልጁን አሳብ ግን አጠፋበት።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ፥ «እንዲህ ከሆነ የመምህር ሥራው ምንድር ነው? የማያርም መምህር እረኛ የሌለው መንጋ ማለት ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን የአገር ምሳሌ በቅኔ ቤት ይገኛል። በቅኔ ቤት መምህሩ አስቀድሞ የራሱን ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ሰሙንና ወርቁን፥ አገባቡንም ይሰማል። ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ ቅኔ መልሶ ቢያመጣ ተቀኘ አይባልም። ወደ ዱር ወጥቶ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና እንኳ ቢሆን ራሱ ሊቈጥር፥ ተመልሶም ለመምህሩ ሊነግር ይገባዋል። መምህሩም ቤቱ ቢሰበር፥ ምሥጢሩ ቢፋለስ ያቃናለታል፤ ስለ ምን እንደ ተፋለሰም ያስረዳዋል፤ ነገር ግን የተማሪውን አሳብ አውጥቶ የራሱን አሳብ አይተካበትም። ማቃናት ሌላ ነው፥ መተካት ሌላ ነው። ምሳሌ ማሳየትም ነውር አይደለም፤ ነውሩ ምሳሌውን ብቻ ማስገልበጥ ነው።

ይህም ሲባል መገልበጥ ሁሉ የተጠላ ነው ማለት አይደለም። ፊደል የሚማር ልጅ «ሀ»ን እንደ ፈቀደው ሊጽፋት አይችልም፤ ብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊም ከፊቱ ያለውን መጽሐፍ አንዲት ነጥብ ሳያጓድል ሊገለብጥ ይገባዋል። ፊደል የአንድ ሰው ገንዘብ ሳይሆን የሕዝብ ሁሉ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ እንደ ወደደ ቢጽፈው የሚያነብ ይጠፋል። መቀስን በአግባቡ መያዝ፥ ሙጫን በልክ መቀባት፥ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ማሸት እንደዚሁ በትእዛዝና በመከተል የሚገኝ ዕውቀት ነው። እንግዲህ አስተማሪ ሁለቱን ለይቶ ይወቅ፤ የጋራ የሆነውን በጥብቅ ያስተምር፥ የልጁ የሆነውን ግን ለልጁ ይተውለት።

የልጁን ሥራ የሚወስድበት የመምህር እጅ ብቻ አይደለም፤ ሽልማትም ይወስድበታል። ማርክ ሌፐር፥ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለ የሕፃናት መዋያ ይህን ፈትነው ውጤቱን በ1973 ዓ.ም. አሳተሙ። ባለቀለም ብዕር ይዘው መሣል የሚወዱትን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት መርጠው በሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኞቹ፥ ብትሥሉ የወርቅ መልክ ማኅተምና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ ብለው ተስፋ ሰጧቸው። ለሁለተኞቹ ሳይነግሯቸው ከሣሉ በኋላ ያንኑ ሰጧቸው። ለሦስተኞቹ ምንም አልሰጧቸውም። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ብዕሮቹ በክፍል ውስጥ ያለ ዋጋ ሲቀመጡ፥ በሽልማት ተስፋ የሣሉት ሕፃናት በመሣል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በፊት ስለ ፍቅር ይሠራ የነበረ ልጅ ምንደኛ ሆነ፤ ምንደኛም ዋጋው ሲቀር ሥራውን ይተዋል።

ስምና ሥራ ሊስማሙ እንደሚገባ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ግን በመከራ ስፍራ የሆነው ነገር ነው። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል በ1898 ዓ.ም. በቪየና የተወለደች ሰዓሊት ነበረች። አይሁዳዊት ስለ ነበረች በ1942 ዓ.ም. ናዚዎች በቼክ አገር ወዳለው ወደ ቴሬዚን የግዞት ስፍራ ወሰዷት። በዚያም ከወላጆቻቸው ተለይተው ለሚኖሩ ሕፃናት ሥዕል አስተማረች። ወረቀት ስላልነበረ የተጻፈበትን አሮጌ ወረቀት በጀርባው ይሥሉበት፥ ቈራርጠውም እየለጠፉ ሥዕል ያደርጉት ነበር። እርስዋም እያንዳንዱ ልጅ በሥራው ላይ የገዛ ስሙን እንዲጽፍ ታደርግ ነበር፤ በዚያ ስፍራ ሰው በቍጥር እንጂ በስሙ አይታወቅም ነበርና። በ1944 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደ አውሽቪትስ ተወስዳ ተገደለች፤ ከተማሪዎቿም የሚበዙት ተገደሉ። ወደ 4,500 የሚጠጉ ሥዕሎች ግን በሁለት ሻንጣ ተሸሽገው ቀሩ፤ በፕራግ ከተማ ባለው የአይሁድ ሙዚየምም ይጠበቃሉ።

እንግዲህ ይታሰብ። ያች ሴት በተማረ እጇ የልጆቹን ሥዕል ሁሉ አቅንታ ቢሆን ኖሮ፥ በሻንጣው ውስጥ የሚገኘው የአንዲት ዐዋቂ ሰዓሊት 4,500 ሥዕል ይሆን ነበር፤ ከልጆቹ ግን አንዳች ባልተረፈ ነበር። እጇን ስለ ሰበሰበች የተጣመመው ቤትና የጎበጠው ዛፍ በሥሩ ከተጻፈው ስም ጋር እውነት ሆኖ ኖረ። ስም የጻፈው ልጅ ይህን በገዛ እጄ ሠራሁ ብሎ መሰከረ፤ ምስክርነቱንም ማንም አላበላሸበትም።

በሰላም አገር በሚገኝ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሕፃን እንዲህ ያለ መከራ አያግኘው እንጂ ክብሩ ያው አንድ ነው። ስለዚህ አስተማሪ አስቀድሞ የመሣሪያውን አያያዝ ያሳይ፤ ከዚያ በኋላ እጁን ይሰብስብ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጭቃ፥ አገዳ፥ ገለባና የተጣለ ካርቶን ይበቃሉ። ልጁ ሥራውን ሲያመጣ «ይህ ወፍ አይመስልም» ከማለት ይልቅ «ንገረኝ፥ ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱን እስኪጨርስም ይታገሠው። ልጁ ራሱ አልተሳካልኝም ብሎ ርዳታ ቢለምን በሌላ ወረቀት ላይ ያሳየው እንጂ በልጁ ወረቀት ላይ አይሣልበት። በግድግዳ ላይ በሚሰቅልበትም ጊዜ ያማረውን መርጦ የቀረውን አይጣል። ወላጅም መጥቶ ሲመለከት፥ የልጁ ወፍ ክንፉ ከእግሩ ዘንድ ተለጥፎ ቢያገኘው አይፈር፤ ልጁ ያለ ሐሰት ስሙን የጻፈበት ሥራ ነውና።