የተከደነ ሥራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው በሚያየው ሥራ መታመን ብዙ አያስቸግርም። ግድግዳው ከተጣመመ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ እንጀራው ካልበሰለ የበላው ያውቀዋል። ጥያቄው የሚነሣው ሥራው ተሠርቶ ሲከደን ነው። ማንም ከፍቶ በማያየው ሥራ ባለዕዳነታችን ለማን ነው? ለከፈለን ነው? ለአለቃችን ነው? ወይስ ለሌላ? ይህን በረቂቅ ቃል ብቻ ከማገላበጥ በእጅ በሚዳሰስ ነገር ብንመረምረው ይሻላል ብለን፣ የአሮጌ ላንድሮቨርን የፍሬን ሸራ መቀየር ምሳሌ አድርገናል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ሲሪስ 3 የሚባለው ዓይነት እንኳ በአራቱም ጎማዎቹ የታምቡር ፍሬን ነበረው። ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ጎድጓዳ ብረት ነው። በውስጡ እንደ ጨረቃ የጎበጡ፣ ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት ይገፋቸውና ከታምቡሩ ጋር ይፋተጋሉ፤ እግሩን ሲያነሣ ሞላዎቹ መልሰው ይሰበስቧቸዋል። በኋላ ጎማዎች ታምቡሩ ወደ ፊት ሲዞር አንደኛው ሸራ በመዞሩ ኃይል ይበልጥ እየተሳበ ይጣበቃል፤ ሁለተኛው ግን በዚያው ኃይል እየተገፋ በመጠኑ ይላላል። ስለዚህ ሸራዎቹም ሞላዎቹም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ እንደ ተገኘ አይገጠሙም።

ሥራው ከብልኀት ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ይታገዳሉ፤ ክሪክ ብቻ ስለማይታመን ጠንካራ መቆሚያ ከሥር ይገባል። ታምቡሩ ሲወልቅ ውስጡ በዘይት የራሰ ከሆነ፣ አዲሱም ሸራ ያንኑ ዘይት ስለሚጠጣ አስቀድሞ የሚያፈሰው ይጠገናል። የግራና የቀኝ ጎማ ሸራ አንድ ላይ ይቀየራል፤ የአንዱ ብቻ ከተቀየረ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይይዝና መኪናው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ግራሶ የነካው እጅ ሸራውን አይነካም። ታምቡሩ ከተመለሰ በኋላ ከጀርባ ባለው ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ ይጠበቅና በነጻ እስኪዞር ድረስ ብቻ ይላላል። የዘይቱ መስመር ተከፍቶ ከነበረም አየሩ ይወጣል።

ያን ጊዜ ሥራው ተከደነ። ከውጭ ሲታይ በጥንቃቄ የተሠራውና በግዴለሽነት የተሠራው አንድ ናቸው። በጋራዡ ግቢ ሲሞከሩም ሁለቱም ሊቆሙ ይችላሉ። የሚለያቸው ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ነጂው ከባድ ማርሽ ሳይዝ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ጉድለት ያለበት ፍሬን ሲሆን አደጋው ይብሳል። በዚያች ሰዓት መካኒኩ በዚያ የለም፤ ሒሳቡን የከፈለው ባለመኪናም ላይኖር ይችላል። ያሉት ነጂው፣ ወደ ገበያ የምትሄደው እናትና ከኋላ የተሳፈረው ተማሪ ናቸው። እነዚህ ስለ ሞላና ስለ ሸራ ማንም አልጠየቃቸውም።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፦ «ባለመኪናው ገንዘብ የለኝምና የአንዱን ጎማ ብቻ ቀይርልኝ ካለ መካኒኩ ምን ያድርግ? ንብረቱ የባለቤቱ ነው። እምቢ ቢል ሥራውን ጎረቤቱ ይወስድበታል፤ ልጆቹም እንጀራ ይፈልጋሉ።» ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ድህነት እውነት ነው፤ ጠግቦ የሚያድር ሰው ተርቦ በሚሠራው ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባውም። ነገር ግን ባለመኪናው ሊፈቅድ የሚችለው በገንዘቡና በብረቱ ላይ ነው። በተሳፋሪዋ ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም፤ የሌለውን ሥልጣንም ለመካኒኩ ሊሰጠው አይችልም። ስለዚህ መካኒኩ ዋጋውን ከፋፍሎ መቀበል ቢችል መልካም ነው፤ ካልቻለም «ሁለቱም ወገን እስኪቀየር መኪናው ይቁም» ማለት ይገባዋል። ሸክሙ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ዋጋውን እያስቀነስን ጥሩ ሥራ የምንጠብቅ ሁሉ ከዕዳው ነጻ አይደለንም።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው እንዳይወድቅበት ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ሕጉ ዘመድ ይሁን እንግዳ ብሎ አይለይም፤ ገና ያልመጣ፣ ምናልባትም ከቶ የማይመጣ ሰው አስቀድሞ እንዲታሰብ ያዛል። እንግዲህ በተከደነ ሥራ ባለዕዳነታችን በቦታው ለሌለው ሰው ነው።

ታዲያ ቅን ልብ ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። ሞላውን ያለ ቦታው የገጠመ ሰው ልቡ ቅን ቢሆንም ቁልቁለቱ ስለ ልቡ አይጠይቀውም። ሥራን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ያላወቁትንም ሳያፍሩ መጠየቅ ባልንጀራን የመውደድ ክፍል ነው። ለምሳሌ በቀድሞ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያስከትላል። ስለዚህ አሮጌ ታምቡር ሲከፈት አቧራው በአየር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ አጠገባችን ቆሞ መፍቻ የሚያቀብለን ልጅም እንደዚያ እንደ ሩቁ መንገደኛ ሊታሰብለት ይገባል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ እኛ ወጣቶች ነገ የምንሠራው ሥራ አብዛኛው የተከደነ ነው። ብረቱ በኮንክሪት ይሸፈናል፤ መድኃኒቱ ተመጥኖ በብልቃጥ ይገባል፤ ሒሳቡ በመዝገብ ይዘጋል። ከመክደናችን በፊት «ይህን የሚያየው ማን ነው?» ብለን አንጠይቅ፤ «በዚህ ላይ ነፍሱን አምኖ የሚሳፈረው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ስሙን ባናውቀውም እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።