ድምፅ በጥማድ ይለካልን?

ሰው በጋራ ጉዳይ ላይ ቃሉን የሚሰጠው ሰው በመሆኑ ነውን፣ ወይስ መሬት ስላለው? ጥያቄው የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ ይመስላል፤ የክረምት ውኃ በሚበረታበት አገር ግን የገበሬውም ጥያቄ ነው።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በተለይም ዋልካ በሆነው መሬት፣ ውኃ በሐምሌና በነሐሴ ይቋጠራል። ገበሬው ሰብሉ እንዳይበሰብስበት በእርሻው ውስጥ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱም ውኃውን ወደ ቦይ፣ ቦዩም ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ይህ ሥራ ለአንዱ መዳኛ ሲሆን ለሌላው መጥፊያ ይሆናል፤ ከላይኛው እርሻ የወረደው ውኃ የታችኛውን አፈር ጠርጎ ቦረቦር ያደርገዋልና። እንግዲህ ቦዩ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ማን ይወስን?

«ባለ መሬቱ ይወስን» የሚሉት ምክንያት የላቸውም አንልም። ወጪውን የሚያወጣ እርሱ ነው፤ ምንም ያላዋጣ ሰው በሌላው ገንዘብ ሊያዝበት አይገባም ይላሉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ተከትሎ የወጣው የምርጫ ሕግም ወደዚሁ አሳብ ያዘነበለ ነበር። መራጩን ርስት አልጠየቀውም፤ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደረው ግን የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ያስገድድ ነበር።

ይህ አሳብ እስከ ጫፉ ሲሄድ የሚያመጣውን በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በቱሌር ሐይቅ ሜዳ እናገኘዋለን። በዚያ የውኃ ማኅበር ድምፅ የሚሰጡት ባለ መሬቶች ብቻ ነበሩ፤ ድምፃቸውም የሚቈጠረው በመሬታቸው ዋጋ ነበር። አንድ ታላቅ የእርሻ ኩባንያ ብቻውን ቦርዱን ለመምረጥ የሚበቃ ድምፅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1969 ጎርፍ በመጣ ጊዜ ውኃው ወደ ሌላ ሸለቆ እንዳይዞር ቦርዱ ወሰነ፤ በዚያ ሸለቆ ኩባንያው የተከራየው እርሻ ነበርና። ጎርፉም መሬት የሌላቸው ሰዎች ወደሚኖሩበት ሜዳ ገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ሥርዐቱን 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሲያጸድቀው፣ ወጪው በመሬት ልክ ስለሚከፈል ድምፁም በመሬት ልክ ቢሆን አይነቀፍም አለ።

እኛ ግን ፍርዱ ወጪን መዝኖ ጉዳትን ሳይመዝን ቀርቷል እንላለን። መዋጮ በጥማድ ሊለካ ይችላል፤ በጎርፍ የፈረሰ ቤት፣ የጠፋ ከብት፣ የደፈረሰ የመጠጥ ውኃ ግን በጥማድ አይለካም። ከላይ ሆኖ የሚጠጣው ጅብ ከታች ያለችውን አህያ «ውኃዬን አደፈረሽብኝ» ሲላት፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች ይባላል። አህያይቱ ያጣችው እውነትን አልነበረም፤ እውነቷን የሚሰማ ሸንጎ እንጂ።

ይህ ለጎጃም ሩቅ ነገር አይደለም። ርስት በዘር ሐረግ በሚካፈልበት ዘመን ብዙ ሸማኔና ቀጥቃጭ ከርስት ውጭ ሆኖ ኖሯል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የግል ባለ ርስትነትን አስቀረ፤ ነገር ግን ዛሬም ባለ ይዞታና ይዞታ የሌለው አለ። ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ወዲህ ለዐቅመ አዳም ከደረሱት ወጣቶች ብዙዎቹ የራሳቸው እርሻ የላቸውም። በሜጫ በቆጋ መስኖ እንደሚታየው ገበሬዎች በውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር በሚደራጁበት ቦታ ሁሉ፣ እርሻ የሌለው የታችኛው ጎረቤት በየት በኩል ይሰማል የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

በኔዘርላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆዩት የውኃ ምክር ቤቶች ለዚህ መልስ ሰጥተዋል። ዛሬ አብዛኛውን ወንበር የሚመርጠው ነዋሪው ሲሆን፣ ለገበሬዎች የተጠበቀላቸው ጥቂት ነው፤ ባለ መሬቱ ይሰማል፣ ብቻውን ግን አይፈርድም።

ስለዚህ መዋጮው እንደ መሬቱ ስፋት ይሁን፤ ብዙ ያለው ብዙ ያዋጣ። ቃል ግን ውኃው ለሚደርስበት ሰው ሁሉ እኩል ይሰጥ። ቦይ የሚቀድ ሰው ውኃውን ከራሱ እርሻ ካስወጣ በኋላ ሥራው አልተፈጸመም፤ ወዴት እንደሚወርድ ከታች ያለውን ሰው ሊጠይቀው ይገባል።